ሦስት ዙር የጠበቀ ብሎን

«ሰባ! ሰባ ላይ አቆምኩት ይላል፣ ስሙልኝ እስቲ! የማሽኑ መጽሐፍ አንድ ሺህ እያለ!»

«አቶ አሰግድ፣ መጽሐፉ የአሜሪካ ነው፣ የግፊት መለኪያው ማኖሜትር ደግሞ የጣሊያን። የጣሊያኑ ሰባ የአሜሪካው አንድ ሺህ ነው። ይህን ስንት ጊዜ ልንገርዎ?»

«እሺ፣ አሁንስ ስንት ላይ ነው? ብሎኑ እስከ አንገቱ ገብቷል፣ ሁላችንም አይተናል። ቱቦው ፈነዳ፣ አካፋው ወረደ፣ ሰው ሞተ። አንተ አይደለህም ያጠበቅኸው?»

«አላጠበቅኩም።»

«ታዲያ ጅብ ነው?»

ከቆሙት ሠራተኞች አንድ ሁለቱ ሊስቁ ቃጣቸውና መሬቱን አይተው ተዉት።

የመቶ አለቃ መርሻ ከጂፑ ወርዶ ከሰዎቹ ኋላ ቆሞ ይሰማ ነበር። ጠብ ሲጋጋል ሰው የሚያስበውን ትቶ የሚፈራውን ይናገራል ብሎ ስለሚያምን አላቋረጣቸውም።

ቦታው ከአሰላ ወደ ሮቤ ለሚሠራው መንገድ ጠጠር የሚወጣበት የድንጋይ ካባ ነው። ወሩ ጥር፣ ዘመኑ 1952። ከጭላሎ የሚወርደው ብርድ ገና አልለቀቀም፣ ጥላው ውስጥ ያለው ሣር አመዳይ እንደለበሰ ነው። በካባው መሐል ባለሰንሰለቱ ሎደር ትልቁን አካፋውን መሬት ላይ ጥሎ ቆሟል። ከአካፋው ክንድ ሥር የተቀደደ የጎማ ቱቦ ተንጠልጥሏል። ከፊቱ ያለው አፈር ሁሉ በዘይት ጠቁሯል። ነጂው ይርሳው የወደቀበትን ቦታ አንድ ሰው ጆንያ አልብሶታል። ሬሳውን ግን ፖሊስ ሳይደርስ ወደ አሰላ ወስደውታል።

«አቶ አሰግድ ማለት እርስዎ ነዎት?» አለ መርሻ በመጨረሻ።

«ነኝ። የካባው ኃላፊ።» ረጅም ካፖርት የለበሰ፣ ፊቱ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። «እንኳን መጡ የመቶ አለቃ። ነፍሰ ገዳዩ ይኸው ከፊትዎ ቆሟል፤ ሁሴኖ ይባላል፣ መካኒካችን ነው። ትናንት ማታ ቫልቮላውን የነካው እሱ ነው። ቅዳሜ ደግሞ ከሟቹ ጋር ሲሰዳደብ ካምፑ በሙሉ ሰምቷል።»

«ሰው ሲሞት እርስዎ የት ነበሩ?»

«ቢሮዬ፣ ድንኳኑ ውስጥ። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ሲፈነዳ ሰማሁና ሮጥኩ። አካፋው መትቶ ወዲያ ጥሎታል። አለቀ።»

መርሻ ሁሴኖን አየው። ሠላሳ ያልሞላው ቀጭን ሰው ነው። እጆቹን በጨርቅ ይጠርጋል፤ እጆቹ ግን ንጹሕ ነበሩ።

*

በአሰላ ፖሊስ ጣቢያ ሁሴኖ ካቴናውን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ተቀመጠ። አሥር አለቃ ቱሳ በሩ አጠገብ ቆመ።

«ቫልቮላው ምን እንደሚሠራ ንገረኝ» አለ መርሻ። «እኔ ከብስክሌት በላይ አላውቅም።»

«አካፋውን የሚያነሣው ዘይት ነው ጌታዬ። ፓምፑ ዘይቱን ይገፋል፣ ዘይቱ አካፋውን ይገፋል። አካፋው ጫፍ ደርሶ መሄጃ ሲያጣ ወይም ጭነቱ ሲበዛ ግፊቱ ማምለጫ ይፈልጋል። ያኔ ቫልቮላው ይከፈትና ያስተነፍሰዋል። ብሎኑን ባጠበቅህ ቁጥር ለመከፈት ይዘገያል። በጣም ካጠበቅህማ አይከፈትም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ከሁሉ ደካማ የሆነው ነገር ይፈነዳል። ቱቦው።»

«ሰኞ ማታ ለምን ነካኸው?»

«በየሁለት ሳምንቱ እለካዋለሁ። ዘይቱ እስኪሞቅ ጠበቅኩ፣ ማኖሜትሩን ገጠምኩ፣ ሰባ ላይ ነበር። አልነካሁትም። በሽቦ አስሬ በእርሳስ አትሜ ሄድኩ። ጠዋት ስመጣ ሽቦው የለም።»

«ቅዳሜ ከይርሳው ጋር የተሰዳደባችሁትስ?»

ሁሴኖ አንገቱን ደፋ። «ተሰዳድበናል። ጅል አልኩት።»

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ መስጊድ እንደነበረና ከዚያ በእግሩ ወደ ካባው እንደሄደ ተናገረ። ቱሳ ሄዶ ሲያጣራ እውነት ሆነ፤ ሼኩም መንገድ ላይ አብረውት የተጓዙ ሁለት ነጋዴዎችም መሰከሩለት። መርሻ ግን አልተደሰተም። ብሎኑ ከሰኞ ማታ እስከ ማክሰኞ ጠዋት በማንኛውም ሰዓት ሊጠብቅ ይችላል። ሰውየው የት እንደነበረ ምስክር ተገኝቷል፤ ብሎኑ መቼ እንደዞረ የሚመሰክር ግን የለም።

ከበሩ ውጭ ዘይቱና የምትባል የሁሴኖ ሚስት ምግብ በቋጠሮ ይዛ ተቀምጣ ነበር። መርሻ ሲወጣ ተነሣች።

«ጌታዬ፣ ዓርብ ጠዋት በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ይልኩታል አሉ። እውነት ነው?»

«ትእዛዙ እንደዚያ ነው።»

«እዚያ ከሄደ ይሰቅሉታል አሉኝ።»

ሆን ብሎ መግደል የሚል ክስ ተጽፎ ነበር፤ የጻፉት ደግሞ የመርሻ የበላዮች ናቸው። «ምግቡን አስገቢለት» አለና አለፈ።

*

ረቡዕ ዕለት ሁለተኛውን ነጂ ደመቀን ጠየቀው። ደመቀ ወፍራም፣ ወሬ የሚወድ ሰው ነው።

«ቅዳሜ በምን ተጣሉ?»

«በቫልቮላው ነዋ! ይርሳው ነፍሱን ይማረውና ጉልበተኛ ነገር ይወድ ነበር። ‹ትልቁን ድንጋይ አላነሣ አለኝ፣ አንድ ዙር ብቻ ጨምርልኝ› አለው። ሁሴኖ እንቢ አለ። ‹ሩብ ዙርም አልጨምርም፣ ጅል› አለው። ይርሳው ደግሞ ‹አንተ የብሎን ቄስ› አለው።» ደመቀ ሳቀና ወዲያው አፉን ያዘ። «ይቅር ይበሉኝ ጌታው፣ ሬሳ እያለ።»

«እንቢ ያለው ሁሴኖ ነው?»

«አዎ።»

መርሻ ይህን ይዞ ወደ አሰግድ ድንኳን ሄደ። አሰግድ ሰምቶ ትከሻውን ነቀነቀ። «አዩ፣ ምን ያህል እንደሚያፈነዳ አሳምሮ ያውቃል ማለት ነው። አንድ ዙር የከለከለውን ሰው በሦስት ዙር ገደለው።»

«ይርሳው ራሱ በስውር አጥብቆት ሊሆን አይችልም?»

«ሊሆን ይችላል» አለ አሰግድ ቀስ ብሎ። «እሱንስ አላሰብኩም ነበር። ግን መፍቻው በሁሴኖ ሣጥን ውስጥ ነው የሚቆለፈው።»

«ሌላ መፍቻ የለም?»

«አንድ እኔ ዘንድ አለ፤ ለመጠባበቂያ። ከመሳቢያዬ ወጥቶ አያውቅም።»

መርሻ ወደ አሰላ ሲመለስ ስለዚህ አሰበ። ይርሳው ለራሱ አጥብቆት ከሆነ ገዳይ የለም፤ ጉዳዩም ተዘጋ። ሐሳቡ ደስ ይል ነበር፤ ስለዚህም ጠረጠረው።

አመሻሽ ላይ ወደ ይርሳው ቤት ሄደ። ሚስቱ ከለቀስተኞቹ መሐል ተነሥታ ወደ ጓዳ ወሰደችው። የሞተ ዕለት የለበሰውን ሹራብና ኮት ከግድግዳው ላይ አወረደችለት። ደረቱ ላይ ደም ደርቋል። መርሻ ልብሱን አገላበጠ፣ ጀርባውን አየ፣ አንገትጌውን አሸተተ።

«ታጥቧል?»

«ማን አቅም አለው? እንደመጣ ነው ያለው።»

«ከበላዩ የደረበው ነገር ነበር?»

«የለም። ሌላ ምን አለውና?»

መርሻ ልብሱን አጥፎ በአደራ ወሰደ። መንገድ ላይ ቱሳ ምን እንዳገኘ ጠየቀው።

«ምንም አላገኘሁም» አለ መርሻ። «እሱ ነው የገረመኝ።»

*

ሐሙስ ጠዋት ከካባው በላይ ካለው ኮረብታ ወደ እማማ ፋጡ ግቢ ወጡ። ቱሳ ማክሰኞ ዕለት ጠይቋቸው ምንም አላዩም ነበር። መርሻ ሊጠይቅ የፈለገው ሰኞ ማታ ሁሴኖ ስንት ሰዓት ከካባው እንደወጣ ነው።

እማማ ፋጡ በረቱ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ላም ያልባሉ። ቱሳ በኦሮምኛ ሰላምታ ሲያወርድ እሳቸው በአማርኛ መለሱ።

«ደግሞ መጣህ? ዛሬ ወተት ልትገዛ ነው ወይስ ልታስጨንቀኝ?»

«አለቃዬ ሊያነጋግሩዎ ነው።»

«ያነጋግሩኛ። ግን ቀስ ይበሉ፣ ይቺ ላም ሰው ትጠላለች። ሁለት ቀን ነው ወተቷን የያዘችብኝ።»

«ምን ሆና?» አለ መርሻ ዝቅ ብሎ።

«ያ የብረት አውሬ ዝም አለባታ! ጠዋት ጠዋት ያፏጫል፣ ከፉጨቱ በኋላ ነው የምትሰጠው። ለምዳለች። ሁለት ክረምት ሙሉ እኮ ነው። እኔም ለምጃለሁ፣ ሰዓት የለኝ።»

«የሚያፏጨው ሎደሩ ነው?»

«ኤዬ፣ እሱ ነው። ይርሳው ጠዋት ቀስቅሶ እጁን ወደ ላይ ያነሣዋል፣ ያን ትልቅ እጁን። ጫፍ ሲደርስ ፊ-ይ-ይ ይላል። ብርድ ስለሆነ ዘይቱን እያሞቅኩ ነው ብሎኛል ራሱ። ወተት ይገዛኝ ነበር፣ አላህ ይዘንለትና።»

መርሻ ወደ በርጩማው ጠጋ አለ።

«የሞተ ቀንስ አፏጭቷል?»

«አፏጭቷል እንጂ! ቡሬን ማለብ የጀመርኩት በፉጨቱ ነው። ጀመር እንዳደረግኩ ሰው ጮኸ። አንዴ ብቻ። ድንጋይ የወደቀበት ሠራተኛ መሰለኝ፤ ሁልጊዜ ይጮኻሉ። ቡሬን ጨርሼ ዳለቲን ስይዝ ሞተሩ አጓራ፣ እንደታነቀ በሬ። ከዚያ ጧ! አለ። ዳለቲ ረግጣ ወተቱን ደፋችብኝ።»

«መጀመሪያ ሰው ጮኸ፣ ኋላ ፈነዳ?»

«ኋላ ነው። አንድ ላም ታልቦ ካለቀ በኋላ።»

«ሁለተኛ ሲያጓራስ አፏጨ?»

«የለም። አላፏጨም።»

ቱሳ ፊቱ ቀላ። «እማማ ፋጡ፣ ታዲያ ማክሰኞ ስጠይቅዎ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንተ ምን አልከኝ? ‹ምን አዩ› አልከኝ። ላም ሥር ተቀምጬ ምን አያለሁ?»

*

መርሻ አዛዡን ለምኖ እስረኛውን እስከ ማታ አስፈቀደ። ከሰዓት በኋላ ሁሴኖ በካቴና ወደ ካባው ተወሰደ፤ ሚስቱ ዘይቱናም ጂፑ የተነሣበትን መንገድ በእግሯ ተከተለች። መርሻ ካቴናውን ሲፈታለት አሰግድ ተቆጣ።

«እስረኛ የመንግሥት ንብረት ይነካል? ይህ ምን ዓይነት ሥራ ነው?»

«እንግዲያው እርስዎ ይለኩልኝ» አለ መርሻ። አሰግድ ወደ ጎን ፈቀቅ አለ።

ሁሴኖ በተቀደደው ቱቦ ፋንታ ከመጋዘን የወጣ አዲስ ቱቦ ገጠመ። ዘይት ሞላ። ደመቀ ከወንበሩ ወጥቶ ሞተሩን አስነሣና አካፋውን ከፍ ዝቅ እያደረገ ዘይቱ እስኪሞቅ ድረስ ሠራ። ሁሴኖ በመዳፉ የዘይቱን ጋን ዳሰሰ፣ ቆየ፣ እንደገና ዳሰሰ። ማኖሜትሩን ገጠመ። ሠራተኞቹን በሙሉ ሠላሳ እርምጃ ወደ ኋላ መለሳቸው።

ቱሳ ኮረብታው ላይ ነው። እማማ ፋጡ ካባው በማይታይበት በበረቱ ጀርባ ተቀምጠዋል። ፉጨት ሰማሁ ሲሉት ቱሳ ነጭ ጨርቅ ያነሣል፤ ካላሉት አያነሣም።

«ብሎኑን ማክሰኞ ካገኘነው ወዲህ ማንም አልነካውም» አለ መርሻ። «መጀመሪያ እንዳለ እንየው።»

«አደገኛ ነው» አለ ሁሴኖ። «ደመቀ! አንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ። ልቀቅ ስልህ የአካፋውን ማንሻ ሌቫ ልቀቅ።»

አካፋው ተነሣ። ጫፍ ደረሰ። ሞተሩ አቃሰተ፣ ከዚያ አጓራ፣ ጭሱ ጠቆረ። የማኖሜትሩ መርፌ ሰባን አለፈ፣ ዘጠናን አለፈ፣ መቶ አሥር ላይ እየተንቀጠቀጠ ወጣ። አዲሱ ቱቦ እንደ እባብ ተወጠረ። ፉጨት ግን የለም።

«ልቀቅ! ልቀቅ!»

ደመቀ ለቀቀ። መርሻ ኮረብታውን አየ። ነጩ ጨርቅ አልታየም።

ሁሴኖ አካፋውን መሬት አስቀምጦ ሞተሩን አስጠፋ። ዳዶውን አላልቶ ብሎኑን በካቻቪቴ እያላላ ድምፅ አውጥቶ ቆጠረ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ዳዶውን መልሶ አሠረ። ደመቀ እንደገና አስነሣ። አካፋው ጫፍ ሲደርስ መርፌው ሰባ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ቫልቮላውም ካባውን ሁሉ የሞላ ቀጭን ፉጨት ለቀቀ። ከበረቱ በኩል ላም ስትጮኽ ተሰማ። ጨርቁ ወጣ።

መርሻ ወደ አሰግድ ዞረ።

«ይርሳው ማክሰኞ ጠዋት ሲያሞቀው እንዲህ አፏጭቷል። ስለዚህ በሕይወት ሳለ ቫልቮላው ደህና ነበር። የጠበቀው ከሞተ በኋላ ነው። ያኔ ሁሴኖ ከሰዎች ጋር መንገድ ላይ ነበር።»

«በአሮጊት ጆሮ ሰው ይከሰሳል?»

«በጆሮ ብቻ አይደለም። ቱቦው ሲፈነዳ ይህን ሁሉ አፈር አጥቁሮታል። ይርሳው ከሥሩ ነበር ተብሏል። ልብሱ እኔ ዘንድ ነው፤ ደም አለው፣ ጠብታ ዘይት ግን የለውም። ቱቦው ሲፈነዳ ሬሳው ከዚህ ተነሥቶ ነበር።» መርሻ ድምፁን አላነሣም። «ጩኸቱና ፍንዳታው መሐል አንድ ላም ታልባለች አቶ አሰግድ። ይህን ያህል ጊዜ እዚህ ከሬሳ ጋር የነበረው ማን ነው? ሁለተኛው መፍቻስ ማን ዘንድ ነው? ሦስት ዙር መሆኑንስ ሳይቆጠር እንዴት አወቁ?»

አሰግድ ሰዎቹን አየ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ያን ዕለት ጎብኚዎች ይመጣሉ ተብሎ ነበር» አለ። «የአካፋው ፒን ይጮኽ ነበር። ‹ከሥሩ ግባና ግራሶ ቀባው› አልኩት። ‹መደገፊያ እንጨት ላምጣ› አለኝ። ‹ጊዜ የለም፣ እኔ እዚህ አለሁ› አልኩት። ወንበሩ ላይ ወጥቼ ነበር። ልወርድ ስዞር ካፖርቴ ሌቫውን ያዘው፣ አካፋውም ወረደበት።»

ደመቀ ከላይ ሞተሩን አጠፋ።

«ወዲያው አነሣሁለት። ጎትቼ አወጣሁት። ስሙን ጠራሁት።» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «አልገደልኩትም የመቶ አለቃ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ አልገደልኩትም።»

«አምንዎታለሁ» አለ መርሻ። «ከዚያስ?»

«ከዚያ… መጽሐፉ ትዝ አለኝ። ግፊት ሲበዛ ቱቦ ይፈነዳል ይላል።»

«ካፖርት ሌቫ ሊይዝ ይችላል። ብሎን ግን በካፖርት አይዞርም። ሽቦ ቆርጠው፣ ዳዶ አላልተው፣ ሦስት ጊዜ አዙረው ቱቦውን አፈንድተዋል። ያን ጊዜ በልብዎ የነበረው ይርሳው አይደለም፤ ጥፋቱን የሚጭኑበት ሁሴኖ ነው።»

«ይጣራል ብዬ ነበር። እሱ ባለሙያ ነው፣ ይለቁታል ብዬ…»

«ሦስት ቀን ሙሉ ይሰቀል ሲሉኝ ነው የከረሙት።»

አሰግድ ሁሴኖን ቀና ብሎ ሊያየው ሞከረና አልቻለም። መርሻ ካቴናውን ከኪሱ አወጣ። እንደ ሌላው ጊዜ አልቀለለውም። ማክሰኞ ጠዋት ወደ ጣቢያው ሮጦ «ሰው ገጨሁ» ቢል ኖሮ አሰግድ እስራቱ ጥቂት፣ ኀዘኑ ብዙ ይሆን ነበር። የገዛ ፍርሃቱ አንድ ላም እስክትታለብ በቆየ ጊዜ ውስጥ ሌላ ሰው አድርጎታል። መርሻ በሥራው ዘመን ክፉ ሰዎች ብዙ አላጋጠሙትም፤ እንዲህ ያሉ ግን ብዙ አይቷል።

ሠራተኞቹ ዙሪያውን ከበቡ። አንዱ ይርሳውን እያነሣ አለቀሰ። አንዱ «ገና ያን ቀን አውቄው ነበር» አለና ሌሎቹ ጮኹበት። ቱሳ ከኮረብታው እየሮጠ ወርዶ እማማ ፋጡ ለጠፋው ጊዜያቸው ምን ይከፈለኛል እንዳሉ ሲናገር በኀዘኑ መሐል ሳቅ ሆነ። ደመቀ ከወንበሩ ሆኖ ነገ ሥራ አለ ወይስ የለም፣ ማንስ ነው የሚያዘኝ እያለ ይጣራል። የሚመልስለት አልነበረም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራ ነበር። መርሻ በጂፑ መከለያ ላይ ወረቀት ዘርግቶ የአሰግድን ቃል መጻፍ ጀመረ። ሁለት ጊዜ ቀን ተሳሳተና ሰረዘ።

ከሎደሩ ጎን መፍቻዎቹ ተጠርገው፣ ከትንሹ እስከ ትልቁ በተራ፣ ጆንያ ላይ ተደርድረዋል። ማኖሜትሩ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከአጠገባቸው ተቀምጧል። መርሻ የለቀቀው ሁሴኖና ሚስቱ ዘይቱና ከካባው በታች ያለውን ወንዝ ተሻግረው ወደ አሰላ የሚያወጣውን አቀበት ጀምረዋል፤ እሷ ፊት፣ እሱ ሁለት እርምጃ ከኋላዋ።